አምሮት የመሰለን ጨው

አንጓች፣ የቤቴ እመቤት፣

እንዴት ሰነበትሽ ብልሽ ካለሽበት መልስ አይመጣም። ቢሆንም ሳልጠይቅሽ መጀመር አልሆነልኝም። ከተለየሽኝ ይህ ሁለተኛው ክረምት ነው። ቤቱ እንዳለ ነው፤ ጓሮው ግን ተለውጧል። እንደ አንቺ የሚኮተኩተው ስላጣሁ በርበሬውን ትቼ በቆሎ ዘርቼበታለሁ። ቀይዋ ላም ወልዳለች። እናቴም ዓይኗ ስለደከመ ከእኔ ጋር መኖር ጀምራለች።

ትናንት ለበሬዎቹ ጨው ስሰጥ እጄ ቆመብኝ። ያን ዓመት ለከብት የገዛነውን ጨው በመዳፍሽ እየዘገንሽ ትቅሚ ነበር። ጠዋት ጠዋት ያቅለሸልሽሻል። ከመቀመጫሽ ስትነሺ ዓይንሽ ይጨልምና ግድግዳ ትይዣለሽ። የወር አበባሽም ቀርቶ ነበር። ከተጋባን ጀምሮ ልጅ ስንለምን ለኖርን ለእኛ ይህ ሁሉ ሌላ ትርጉም አልነበረውም። እናቴ «አምሮት ነው፣ አትከልክላት» አለችኝ። እኔም ደስ ብሎኝ ከቡሬ ገበያ ጨው ተሸክሜ መጣሁ። ፊትሽ ሲጠቁር፣ ድድሽና የመዳፍሽ መስመር ሳይቀር ሲጠቁር፣ ጎረቤቱ «ወንድ ነው» እያለ ያጽናናሽ ነበር። ሐኪም ቤት እንሂድ ያለ ሰው አልነበረም። ለደስታ ሐኪም የሚፈልግ ማን አለ?

ሆድሽ ግን አልገፋም። ይልቁን ቀሚስሽ እየሰፋብሽ ሄደ። ቅዳሴ ላይ እንደቆምሽ ስትወድቂ ነው በጋሪ እስከ አስፋልቱ፣ ከዚያ በሚኒባስ ፍኖተ ሰላም ያደረስሁሽ። ሐኪሟ የደም ግፊትሽን ለክታ ወርዶ ስታገኘው ደነገጠች፤ ለምርመራ ወደ ባሕር ዳርም ላከችን። ውጤቱን ይዘን ስንመለስ ሁለታችንንም አስቀምጣ መጀመሪያ «እርግዝና የለም» አለች።

ከዚያ ቀስ ብላ አስረዳችን። በእያንዳንዱ ኩላሊት ጫፍ እንደ ቆብ የተደፋች ትንሽ እጢ አለች። ጨው እንዳይባክን ኩላሊትን የምታዝዘው እርሷ ናት። በልጅነትሽ ይዞሽ የነበረው የሳንባ ነቀርሳ ሳናውቀው እጢዎቹን ጎድቷቸዋል። አዛዥ ያጣ ኩላሊት ጨውን በሽንት ያፈሰዋል፤ ውሃውም ጨውን ተከትሎ ይወጣል፤ በደም ሥርሽ የሚዞረው ደም ያንሳል። ስትነሺ ዓይንሽ የሚጨልመው ደሙ ወደ ራስሽ መውጣት አቅቶት ነው። አንጎል ደግሞ ዝም ያለችውን እጢ ደጋግሞ ሲጠራ የሚልከው ነገር ቆዳን ያጠቁራል። «ጨው ያሰኘሽ ሰውነትሽ ስለጎደለው ነው» አለችሽ። «ኪኒኑን በየቀኑ ከወሰድሽ ትኖሪያለሽ። የሚያስመልስ ሕመም ከያዘሽ ግን ኪኒኑ ሆድሽ ውስጥ አይረጋም፤ ያን ጊዜ ለመርፌ ሩጪ።»

እኔ ወለሉን ነበር የማየው። መንገድ ላይ «ልጁ ባይኖርም እኔ ተርፌያለሁ፤ አይበቃህም?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። በእሺታ ራሴን ነቀነቅሁ እንጂ አፌን አልከፈትሁም። ከዚያ በኋላ ብዙ ጥሩ ቀን ነበረን፤ መልክሽ ተመለሰ፣ ሥጋ አወጣሽ። በቅተሽኝ ነበር፣ አንጓች። ይህን ለመናገር ጊዜ ያለን መስሎኝ ዝም እንዳልሁ ቀረሁ።

በሰኔ ሆድሽን አሞሽ ሲያስመልስሽ ኪኒኑ አልረጋ አለ። መርፌ እንደሚያስፈልግሽ ሁለታችንም እናውቅ ነበር። ያን ሰሞን ግን መንገዱ ተዘግቶ መኪና አያልፍም። ጎረቤት ተጠራርቶ በቃሬዛ ወደ ቡሬ ይዘንሽ ወጣን። እጅሽ ቀዝቅዞ ነበር። የደም ሥርሽ ትርታ ከጣቴ ሥር እየቀጠነ እየቀጠነ ሄደ፤ የከተማው ቆርቆሮ ሲታየን ፈልጌ አጣሁት። ተሸካሚዎቹ እንዳያወርዱሽ ብዬ ለጊዜው አልነገርኋቸውም።

አሁን ሰው ሲያነሳሽ «ሳትወልድ ሞተች» ይላል። ክፋት ኖሮት አይደለም፤ የሚያውቀው ያንኑ ነው። ከእንግዲህ ግን እኔ ባለሁበት ወሬው በዚያ አያበቃም። በሌሊቱ ተነስታ በበርበሬ ለቀማ ሁሉን የምትቀድመውን፣ ያስቸገረ ወይፈን በእርጋታ ለቀንበር የምታለምደውን፣ ሠርግ ቤት ስትገባ የተቀመጠውን ሁሉ ለእስክስታ የምታስነሳውን ሴት እነግራቸዋለሁ። መሞትሽን እነርሱ ያውሩት፤ እኔ በሕይወት እስካለሁ መኖርሽን አወራለሁ።

ባልሽ፣ ሙሉዓለም