ከኮርኒሱ በላይ የተቆረጠው ቱቦ

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፣ ቶንጎ።

አሰላሙ ዓለይኩም። አንቺም ባለቤትሽም ልጆቹም እንዴት ከርማችኋል? ትንሿን ሳሉ ለቀቃት? እኔና እማ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነን። አሶሳ ዝናቡ አባርቷል፤ ጭቃው ግን ገና ነው።

ይህን በስልክ ልነግርሽ ነበር። ግን ስደውል እማ ከአጠገቤ አትርቅም፤ አንቺም ቤት ሰው አይጠፋም። መጻፉ ይሻላል።

እማ ለዐረፋ እንዳትመጪ ማለቷ እንዴት እንደከፋሽ አውቃለሁ። "ልጆቼን ጠላችብኝ" ብለሽ ስታለቅሺ ሰምቼሻለሁ። እኔም ዓመት የፈጀውን የባምባሲውን የቧንቧ ሥራ ጨርሼ ስመለስ ግራ ገባኝ። እንግዳ ሲመጣ በረንዳ ላይ ታስቀምጥና እሷ ፈንጠር ብላ ትቆማለች። ለቅሶ መድረስ ትታለች። ቀኑን ሙሉ ትታጠባለች፤ ያልቆሸሸ ልብስ ትዘፈዝፋለች።

ቤቱ ይሸታል። የእሷ መኝታ ቤት ደግሞ ይብሳል። ለእኔ የእንጀራዬ ሽታ ስለሆነ ገና ስገባ ለየሁት፤ የፍሳሽ ቱቦ ነው።

ግንበኛው ሙዳሲር አግዞኝ የመታጠቢያ ቤቱን ሊሾ ሰብረን ቆፈርን። አባታችን ቤቱን የሠራበት አፈር ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። የጓሮው ግድግዳ ከዓመት ዓመት ሲሰምጥ ከስሩ የሚያልፈውን ቱቦ ተጭኖ አጉብጦታል። ፍሳሹ ወደ ጉድጓዱ በመውረድ ፈንታ ጉብጠቱ ላይ ይቋጠራል። አሮጌውን አውጥተን አዲስ ቀበርን፤ ውሃ ልክ እያስቀመጥኩ በየሜትሩ ሁለት ሳንቲም ያህል ዝቅ እያለ እንዲሄድ አደረግኩት። ሙዳሲር ከግድግዳው ስር ጠፍጣፋ ድንጋይ አጋድሞ ለቱቦው ማለፊያ ክፍተት ተወለት። ቤቱ መስመጡን አይተውም፤ ቢሰምጥም ከእንግዲህ ቱቦው ላይ አያርፍም።

ፍሳሹ ወረደ፣ ሽታው ግን አልሄደም። ውሃ በለቀቅን ቁጥር የመታጠቢያው ቀዳዳ ጉር ጉር ይላል፤ አየር ሲያጣ እንዲህ ነው። የአየር ማስወጫው ቱቦ ከጣራው በላይ ብቅ ማለት ነበረበት። ከደጅ ሆኜ ባይ የለም። መሰላል አቁሜ ኮርኒሱን ከፈትኩ። ቆርቆሮውን የቀየሩት ሰዎች ቀዳዳ ማበጀቱ ታክቷቸው ይሆናል፣ ቱቦውን ከጣራው ስር ቆርጠው ትተውታል። አፉ ከእማ አልጋ በላይ ነው።

ቆርቆሮው የተቀየረው ደግሞ የማህፀኗን ቀዶ ጥገና አድርጋ ከሆስፒታል በወጣችበት ሰሞን ነበር።

ጠርቼ አሳየኋት። ባትሪዬን ተቀብላ ወደ ተቆረጠው ቱቦ አበራች። ከዚያ "ታዲያ ከእኔ አይደለም?" አለችኝ። ምኑ ብላት፣ "ሽታው" አለች።

ቁስሏ ያልዳነ መስሏት ኖሯል፣ እህቴ። ሐኪሙ ድነሻል ቢላት ሊያጽናናኝ ነው ብላ አላመነችውም። ውዱእ አድርጋ ትሰግድና "እንዲህ ሆኜ ይቀበለኝ ይሆን?" እያለች ታነባ ነበር። ባለፈው ስትመጡ ትልቁ ልጅሽ እቅፏ ውስጥ ሆኖ አፍንጫውን ያዘ። አንቺም ልጆቹን ይዘሽ ጎረቤት ሀዲል ቤት አደርሽ። በእሷ ሽታ እንዳትቸገሪ ብላ ነው እንግዲህ ለዐረፋ ቅሪ ያለችሽ።

ከመሰላሉ ወርጄ ላቅፋት ስል ወደ ኋላ ሸሸች፤ ከልማድ ነው። ኋላ ግን ትከሻዬ ላይ ተደፍታ አለቀሰች፣ ቆይታ ደግሞ ሳቀች። "አንድ ዓመት ሙሉ ቱቦ አሳፈረኝ!" አለች።

ቱቦውን ቀጥዬ ከጣራው በላይ አወጣሁት፤ ዝናብ እንዳይገባ ቆብ አደረግኩለት። ጉርጉርታው ያን ዕለት ጠፋ፤ ሽታውም ከመጋረጃውና ከፍራሹ ቀስ በቀስ ወጣ። ትናንት ለቅሶ ደርሳ፣ ከሴቶቹ መሐል ተቀምጣ ውላ መጣች።

ይህን እንደጻፍኩልሽ አታውቅም። ስትመጪ አንቺም እንዳላወቅሽ ሁኚ።

ጥሪያት አላለችኝም። ብቻ ዛሬ ጠዋት ለአልጋዋ አዲስ አጎበር እንድገዛላት አዘዘችኝ። ያለሽው ምን ሆነ ብላት፣ "ጠበበኝ፤ ሰፊ ግዢ" አለች። ገዝቼ ሰቅዬላታለሁ። ከእሷ ሌላ ሁለት ልጆች ያስተኛል።

አላህ መንገዱን ያቅናልሽ፣ ልጆችሽን ያሳድግልሽ።

ታናሽ እህትሽ