ሁለት ላይ የቀረው ቁጥር

ውድ አሰልጣኝ ኦረስት፣

ያን የኅዳር የፉትቦል ዋንጫ ፍጻሜ ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ አንተ አይደለህም። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ይህን ደብቄህ ኖርኩ።

የሙከራ ቁጥር የሚታይበትን እንጨት ይዤ መስመር ዳር የምቆመው እኔ ነበርኩ። በነጥብ እኩል ነን፤ ሁለት ደቂቃ ቀርቷል። ሁለተኛው ሙከራ እንዳለቀ ቁጥሩን ወደ ሦስት መገልበጥ ነበረብኝ። ልጆቹ ወደ መጨረሻው መስመር ሲጠጉ ግን ሥራዬን ረስቼ እንደ ተመልካች እጮህ ነበር። አንተ ቀና ብለህ እንጨቴን አየህ፤ ሁለት ይላል። ከዚህኛው በኋላ ገና አንድ ሙከራ ይተርፈኛል ብለህ፣ በእሱ ወደ ግብ ለመምታት እንድትመች ኳሷን በሩጫ ወደ መሀል አስወሰድካት። ዳኛው ነፋ። ሦስቱም ሙከራ አልቆ ኳሷ ለእነሱ ሆነች። ያኔ ብትመታት፣ ግቡን ብትስት እንኳ የኋላውን መስመር ካለፈች አንድ ነጥብ ነበረን፤ አንዷ ደግሞ ትበቃን ነበር። እነሱ በዚያችው ኳስ አስቆጥረው ዋንጫውን ወሰዱ።

ዳኛው ሲነፋ ሰው ሁሉ ኳሷ ላይ የተቆለሉትን ተጫዋቾች ያያል። እኔ ቀስ ብዬ ቁጥሩን ወደ ሦስት ገለበጥኩት። ፊተኛው ስህተት ነበር፤ ይሄኛው ግን ኃጢአት ነው።

ጉድ ያደረገህ ከዚያ በፊት ድንበር ተሻግረህ አሜሪካኖቹን ሁለት ዓመት ማሰልጠንህ ነው። በእነሱ ፉትቦል እንደ እኛ እንደ ካናዳውያን ሦስት ሳይሆን አራት ሙከራ አለ። «ኦረስት አራት መቁጠር ለምዶ መጣ» ተባለ፤ መላው የሳስካችዋን ክፍለ ሀገር ሳቀብህ። የገበሬ ልጆች ከየእርሻው ለቅመህ ቡድን ያደረግክበት አሥራ ሰባት ዓመት ተረሳ። አባረሩህ። ሰሜን ሄደህ የትምህርት ቤት ልጆች ስታሰለጥን፣ አውቶቡሳቸውንም ራስህ ስትነዳ፣ በየሜዳው አራት ጣት ያወጡብህ ነበር።

አንተም እኮ ታበግነኛለህ፣ ኦረስት። «እንጨቱ ሁለት ይል ነበር» ማለት ምን ከበደህ? ለጋዜጣው «ጥፋቱ የእኔ ነው» ብለህ ቆብህን ደፍተህ ሄድክ። ልነግርህ በሞከርኩ ቁጥር ደግሞ አፌን ትዘጋኛለህ። የሐይቁን በረዶ ቀደን ዓሣ ስናጠምድ ጀመርኩልህ፤ ዓሣው ይሸሻል፣ ዝም በል አልከኝ። ባለቤቴን ማርሊስን የቀበርን ዕለት ሣጥኗን ከተሸከሙት አንዱ ነበርክ። ከቀብር መልስ ጥግ ወስጄህ ያን ጨዋታ ገና ሳነሳ፣ «ኤልመር፣ ዛሬ ስለ ኳስ ካወራህ በዚህ ሳንድዊች ነው የምመታህ» አልከኝ። ሚስቴን ቀብሬ ሳቅኩ፤ ሳልነግርህም ቀረሁ።

እሷ ታውቅ ነበር። ስጸልይ ትሰማኛለች። አንድ ቀን ሰለቻትና፣ «እግዚአብሔር እኮ ያኔውኑ አይቶሃል። ለማያውቁት ንገር እንጂ» አለችኝ። እኔ ግን ለሚያውቀው መንገር ቀለለኝ።

ያለፈው እሑድ የቤተ ክርስቲያናችን የመከር እራት ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ክለቡ ስምህ በክብር ግድግዳው ላይ ይጻፍ አይጻፍ ብሎ ድምፅ ይሰጣል። ትራክተር ሻጩ ድዌይን የተርኪ ሥጋ እየቆረጠ፣ «እንጻፍለት፤ እንዲገባው ግን አራት ጊዜ» ብሎ አራት ጣቱን አነሳ። እራት የምንበላበት የቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት በሳቅ ተሞላ። ፓስተሩም ሳቁ። እኔም እንደ ልማዴ ፈገግ አልኩ፣ ይቅር በለኝ። ያ ፈገግታ ራሴን አስጠላኝ።

ቤቴ ከመንገዱ ማዶ አይደል? ክለቡ አዲስ ሲገዛ አሮጌውን እንጨት መጣል አልሆነልኝም ነበር፤ ጋራዥ ውስጥ ከአካፋዎቹ ጋር ቆሟል። ተነስቼ ሄጄ፣ ይዤው ወደ እራቱ ተመለስኩ።

ድዌይን «ምን ልትለካ ነው፣ ኤልመር?» አለኝ።

ቁጥሩን ሁለት ላይ አድርጌ በኬኩ ጠረጴዛ ፊት ቆምኩ። «ኦረስት ያየው ይህን ነው» አልኳቸው። «ሦስት መሆን ነበረበት። ሳልገለብጥ የቀረሁት እኔ ነኝ። በኋላ ተደብቄ የገለበጥኩትም እኔ ነኝ።»

ድዌይን ቢላዋውን አስቀመጠ። ከኋላ የተቀመጡት ሽማግሌዎች አልሰማንም አሉ። እንደገና፣ ጮክ ብዬ፣ ስምህን ከነአባትህ ጠርቼ ነገርኳቸው።

እንጨት ያዡ ኤልመር