የአባ ነጎድጓድ ሱፍ

ለምወድሽ የእህቴ ልጅ፣

እንደምን ከርመሻል? ሙሽራ ለመሆን ሽር ጉዱ እንዴት ይዞሻል? እኔ ደህና ነኝ፤ ግን ተቀይሜሻለሁ። ያን ሁሉ ገጽ ስትጽፊ ስለ ጉልበቴ አንዲት ቃል አልጠየቅሽም። እሱም አኩርፏል፤ ደረጃ ስወጣ ከስፌት መኪናዬ ብሶ ይንቋቋል።

እሺ፣ ወደ ቁም ነገሩ። አባ ነጎድጓድ ባለፈው እሁድ ምእመኑ ፊት ቆሞ፣ «ልጅ አለኝ፤ የምንኩስና ቃሌን አፍርሻለሁ» ብሎ ቆቡን ማውለቁን ሰምተሻል። ስለ ንጽሕና ሲሰብክ መስኮት ያርገበግብ ስለነበር ስሙን ያወጣንለት እኛው ነን። ለአንቺ መምህርሽ ነው፤ ለእኔ አብሮ አደጌ። አሁን «ያ ግብዝ ሠርጌ ላይ ድርሽ እንዳይል ንገርልኝ» ብለሽ አዘሽኛል።

ንዴትሽ ይገባኛል። ግን ጉድጓድ ውስጥ የወደቀ ሰው «እዚህ ጉድጓድ አለ!» ብሎ ቢጮኽ ውሸታም ይባላል? እኔን የሚያንገበግበኝ ስብከቱ አይደለም። ልጁን የወለደችለት ሴት የሰፈሩን ሐሜት ብቻዋን ስትውጥ እሱ ከላይ ቆሞ መከበሩ ነው። ግብዝነቱ እዚያ ጋ ነው። ይህን ፊት ለፊት ነገርኩት። «እውነትህን ነው» አለኝ እንጂ አልተከራከረም።

አንድ ነገር ልጨምር። ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል ሁሌ ጨርቅ ይዞልኝ ይመጣ ነበር። «አባቷ ላልደረሰላት ልጅ ዩኒፎርም ስፋልኝ» ይላል። «ልኳስ?» ስለው፣ «በእህትህ ልጅ ልክ ቁረጠው» ይለኛል። እኔ ሞኙ፣ «ይቺ ልጅ ደግሞ ከእኛዋ ጋር ተማክራ ነው እንዴ የምታድገው?» እያልኩ እቀልድበት ነበር። አይስቅም። አንድ ጊዜ ለተንኮል ብዬ በዩኒፎርሙ ኪስ ውስጥ በቀይ ክር ትንሽ ወፍ ጠለፍኩበት።

ያቺን ወፍ የምትረሻት አይመስለኝም።

እኔም በአንቺ ዩኒፎርም ኪስ ውስጥ ሳያት አፌን ሰፋሁት፤ የእናትሽ ልመና ነበር። አሁን ግን እሷው ራሷ፣ «ክሩን ፍታው» ብላኛለች።

ቆይ፣ በር ተንኳኳ።

ማን ቢሆን ጥሩ ነው? እሱ ራሱ! ቆቡን ካወለቀ ወዲህ ያ ነጎድጓድ ሰውዬ ትንሽዬ ሆኗል። ጥቁር ጨርቅ በብብቱ ይዟል። «ሱፍ ስፋልኝ» አለ። «ለምን?» አልኩት፤ እያወቅሁ። «ለሠርግ» አለና ወደ ጫማው አቀርቅሮ፣ «ካስገባችኝ» አለ።

የመነኩሴ ቀሚስ በግምት ይሰፋል፤ ይህን ሁሉ ዘመን ለክቼው አላውቅም። ሱፍ ግን ልክ ይፈልጋል። ይኸው ክንዱን ዘርግቶ እየጠበቀኝ ነው። ልኩን እወስዳለሁ፤ ጨርቁን ግን አልነካም። አንዴ ከተቆረጠ አይመለስማ! መልስሽ እስኪደርሰኝ መቀሱ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል። አትቁረጥ ካልሽኝም አልቀየምሽም።

ትዳርሽን ፈጣሪ በማይበጠስ ክር ይስፋልሽ፤ ቤትሽን ሳቅ ይሙላው።

ጉልበቱን ማንም ያልጠየቀው
አጎትሽ