ከጽዋ ወንድም የተገዛ ሞተር

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 8

ሞተሬን ወሰዱት። እኔንም ለሦስት ሰዓት ጣቢያ አስቀምጠው ለቀቁኝ፤ የለቀቁኝም ሰናይት ዋስ ሆና ስለፈረመች ነው። ሰናይት የእንስሳት ክሊኒካችን መድኃኒት ክፍል ሠራተኛ ናት። 

የሆነው ይኸው ነው። ጠዋት የበግ ፈንጣጣ ክትባት በበረዶ ሣጥን አስሬ ወደ እብናት በሚወስደው መንገድ ስወጣ ትራፊክ አስቆመኝ። መንጃ ፈቃድ አሳየሁ። ሊብሬ አሳየሁ። ጎንበስ ብሎ መሪው ሥር ያለውን የሻንሲ ቁጥር በጣቱ ዳሰሰ፣ ሊብሬውን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ። ቁጥሩ በሞረድ ተፍቆ እንደገና የተመታ ነው አለ። እውነትም ሦስቱ አኃዞች ጠማማ ናቸው፤ ፊደል የሚለማመድ ልጅ የጻፋቸው ይመስላሉ። ሦስት ሳምንት ስነዳው አላየሁም።

ጣቢያ ስንደርስ እንዲህ ያለ ሞተር ተሰርቋል የሚል አቤቱታ እንዳላቸው ነገሩኝ። እኔ እዚያ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ በረዶው ቀለጠ፣ ክትባቱ ተበላሸ። ገበሬዎቹ በጎቻቸውን ሰብስበው ሲጠብቁኝ ውለዋል።

መርማሪው ወጣት ነው፣ ክፉም አይደለም። እስከ ሰኞ ወይ የሽያጭ ውል፣ ወይ ሲሸጥልኝ ያየ ሰው ይዤ እንድመጣ ነገረኝ። ካልሆነ የተሰረቀ ንብረት ይዛ ተገኘች ተብዬ የምከሰሰው እኔ ነኝ።

ውል የለኝም። ለምን እንደሌለኝ ነገ እጽፋለሁ። ዛሬ ከጻፍኩት ደብተሩን እቀደዋለሁ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 9

በእግሬ ወደ ሥራ ሄድኩ። ከጉና ተራራ የሚመጣው ብርድ ጆሮ ይቆርጣል። ሰናይት ገና ስታየኝ «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» ብላ ጀመረች። እንዳትጨርሺው አልኳት።

እሺ፣ ልጻፈው። ሞተሩን የሸጠልኝ ደመላሽ ነው፤ የእህል ነጋዴው። ፊት ለፊት ጋሽ ደመላሽ እላለሁ፣ አንቱም እላለሁ። እዚህ ደብተር ላይ ግን አንቱታ የለም፤ ደብተሩ የእኔ ነው።

አባዬና ደመላሽ የሚካኤል ጽዋ ማኅበርተኞች ናቸው። ሠላሳ ዓመት ያለፈው ማኅበር ነው፤ በየወሩ በአሥራ ሁለት በየቤቱ እየዞረ ይጠጣል። የጽዋ ወንድም ከሥጋ ወንድም አያንስም ሲባል ሰምቼ ነው ያደግሁት።

ልገዛ ስሄድ ያየሁት፦ ጎማ። ፍሬን። ካንዴላ፣ ራሴ ፈትቼ። ጭሱ ነጭ እንዳልሆነ። ዘይት ያንጠባጥብ እንደሆነ። አንድ መካኒክ ወስጄ አስነስቶ አዳመጠው፤ ሞተሩ ጤነኛ ነው አለ። ጤነኛ ነበር። አንዲት ላም ስመረምር እንኳ ጆሮዋ ላይ ያለውን ምልክት አያለሁ፤ የሞተሩን ቁጥር ግን አላየሁም።

ሊብሬው በሌላ ሰው ስም ነው። ደመላሽ ሰውየው ዘመዱ እንደሆነ፣ ስም ማዛወሩን በሳምንቱ አብረን ሄደን እንደምንጨርሰው ነገረኝ፤ ዛሬ ነገ ሲል ሦስት ሳምንት አለፈ። እኔም እንግዲያው ለጊዜው ሁለት መስመር ውል እንጻፍ አልኩ። ያኔ አባዬ ናቸው የተቆጡት። እዚያው በደመላሽ ግቢ፣ በሰው ፊት፣ «ከጽዋ ወንድሜ ጋር ውል? አታሳፍሪኝ» አሉኝ።

አፈርኩ። ውል ስላልጻፍኩ ሳይሆን ውል እንጻፍ ስላልኩ አፈርኩ። ይሉኝታ ይሉታል ይኼን። ገንዘቡን በደመላሽ እጅ ቆጥሬ ሰጠሁት፣ ቁልፉን ሰጠኝ፣ አባዬ መረቁን።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 10

ደመላሽ መጋዘን ሄድኩ። ጤፍ እያስመዘነ ነበር። እማዬ ደህና መሆኗን ጠየቀ፣ ለቅዳሜው ማኅበር ጠላው ደርሶ እንደሆነ ጠየቀ። ማኅበሩ በዚህ ወር የሚጠጣው እኛ ቤት ነው። ሁሉንም መለስኩ። ከዚያ የመጣሁበትን ነገርኩት፤ ሌላ ምንም አልፈልግም፣ ገንዘቤንም አሁን አልጠይቅም፣ ጣቢያ መጥተው እኔ ነኝ የሸጥኩላት ይበሉልኝ ብዬ ለመንኩት። ለምኜዋለሁ። ይኼን ስጽፍ ራሴን መምታት ያምረኛል።

ሚዛኑን ትቶ ወደ በሩ ሳብ አደረገኝ፤ ድምፁ ልክ እንደ አባት ነው።

«ልጄ፣ እኔ ላንች ሞተር ሸጬ አላውቅም። ወረቀት አለሽ?»

አባቴ እኮ ቆመው ነበር አልኩት።

«አባትሽ ሰው ያከብራል። ጣቢያ አይሄድም።»

ይኼን ያለኝ ፈገግ ብሎ ነው። ሲጀመር ለምን እንደመረጠኝ ያን ጊዜ ገባኝ። ገበያ አውጥቶ ለማያውቀው ሰው ቢሸጠው ውል ይጻፋል፣ ምስክር ይቆማል፣ ቁጥር ይታያል። ለእኛ ሲሸጥ ምንም አይታይም። አገር ሙሉ ገዢ እያለ የወንድሙን ልጅ ፈልጎ አገኘ።

ሌባ ነው። ጽፌዋለሁ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 11

ከአባዬ ጋር ተጣላሁ። በሕይወቴ እንዲህ ተናግሬያቸው አላውቅም።

አናጢ ናቸው፤ ግቢ ውስጥ በር እየላጉ ነበር። ሰኞ አብረውኝ ጣቢያ እንዲሄዱ ጠየቅኳቸው። ያዩትን ብቻ ይናገሩ፣ ከዚያ በላይ አንድ ቃል አይጨምሩ አልኩ። መላጊያውን አላቆሙም። ሰው ይሳሳታል፣ ሽማግሌ እንላክ፣ ማኅበሩ ይለፍ አሉ። ማኅበሩ ነገ ነው፣ ቀጠሮዬ ሰኞ ነው፣ ሽማግሌ የሚላከው እኔ ከታሰርኩ በኋላ ነው? አልኳቸው።

«በጽዋ ወንድሜ ላይ ጣቢያ ገብቼ አልመሰክርም። እግዚአብሔር ያያል።»

«እግዚአብሔር ጣቢያ ሄዶ ቃል አይሰጥልኝም፣ አባዬ። ያዩት አንቱ ነዎት።»

መላጊያው ቆመ። እኔ ግን አላቆምኩም። ውሉን ያስቀሩት አንቱ ነዎት አልኩ። ለደመላሽ ሲያፍሩ ለእኔ አላፈሩም አልኩ። ልጅ ከምትታሰር ጽዋው ቢሰበር ምን አለበት አልኩ። እማዬ ከጓዳ ወጥታ አፌን እንድይዝ ተቆጣችኝ።

አባዬ የሚላጉትን እንጨት ግድግዳው ላይ አስደግፈው ወጡ፣ ለራት አልተመለሱም።

ስለ ጽዋው ያልኩትን መመለስ እፈልጋለሁ። ሌላውን አልመልስም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 12

መጣ። ደመላሽ ነጭ ጋቢ ለብሶ፣ ደጃችንን ተሳልሞ ገባ። እንዴት ዋልሽ ልጄ አለኝ። እጁን ያስታጠብኩት እኔ ነኝ። ጣቶቹን አንድ በአንድ ሲያሽ ቆሜ ጠበቅሁ፤ ማንቆርቆሪያውን ራሱ ላይ አለመድፋቴን እንደ ጽድቅ ይቆጠርልኝ።

የማኅበሩ ቄስ መምሬ ጸሎት አደረሱ፣ ዳቦው ተቆረሰ። ጽዋው ወጣ። በዚህ ማኅበር ቂም የያዘ ሰው ከጽዋው አይጠጣም፤ የተጣላ ካለ ታርቆ ነው የሚጠጣው። አባዬ በሠላሳ ዓመት አንድ ቀን አሳልፈውት አያውቁም። መምሬ ቀምሰው ጽዋውን ለዕለቱ ባለተራ ለአባዬ ዘረጉ።

አባዬ እጃቸውን አላወጡም። «ይለፈኝ» አሉ።

መምሬ የታመሙ መስሏቸው በስማቸው ጠርተው «ምነው ይርሳው?» አሉ።

«ቂም ይዣለሁ። ሰኞ በወንድሜ በደመላሽ ላይ ልመሰክር ነው። ሞተሩን ለልጄ ሲሸጥ ቆሜ አይቻለሁ።»

 እኔ ማሰሮ ይዤ በሩ ላይ ነበርኩ። ደመላሽ የሰው ነገር በማኅበር አይወራም፣ በሽምግልና ይታያል ብሎ ለመሳቅ ሞከረ። አባዬ ድምፃቸውን ሳያነሱ መለሱለት።

«እኔ ነኝ የሸጥኩላት በል። አሁኑኑ እጠጣለሁ።»

ሁሉም እሱን አየ። አላለም። መምሬ ዕርቅ ይሁን፣ ደመላሽ ሆይ ቃልህን ስጥ እያሉ ለመኑት። እሱ ግን በልቡ ምንም ቂም እንደሌለ ተናግሮ ጽዋውን ከመምሬ እጅ ተቀበለና ጠጣ። እስከ ታች ጠጣ። ጺሙን በጋቢው ጠረገ።

አባዬ ዓይናቸውን ከእሱ ላይ አላነሱም። ሰዉ ዳቦውን ሳይጨርስ ተነሣ። እማዬ የተረፈውን ጠላ እያየች አለቀሰች፤ እኔ አላለቀስኩም፣ ተናድጄ ነበር።

እሑድ፣ ጥቅምት 13

አባዬ ቅዳሴ ሄደው ተመለሱ። ማንም ከማኅበሩ አልመጣም፣ ማንም አልደወለም። ማታ ጫማቸውን ሲጠርጉ አየኋቸው። ይቅርታ ልጠይቃቸው ተነሥቼ መልሼ ተቀመጥኩ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 14

ሄድን። በእግራችን ነው የሄድነው፤ ባጃጅ እንያዝ ብላቸው እምቢ አሉ። የደመላሽ መጋዘን በር ላይ ስንደርስ ሌላ መንገድ ይመርጣሉ ብዬ ነበር፣ አልመረጡም። እሱ አልነበረም።

መርማሪው ወንበር ሰጣቸው። ሁሉንም ተናገሩ፦ ቀኑን፣ ግቢውን፣ ገንዘቡ በማን እጅ እንደተቆጠረ፣ ቁልፉን ማን እንደሰጠ። ልጄ ውል እንጻፍ ስትል የከለከልኳት እኔ ነኝ፣ ይኼም ይጻፍ አሉ። መርማሪው አያስፈልግም አለ። ይጻፍ አሉ። ተጻፈ።

የዛሬው ውጤት፦ ደመላሽ መጥሪያ ይደርሰዋል። እኔ ለጊዜው አልከሰስም፣ ስጠራ ግን እቀርባለሁ። ሞተሩ እዚያው ይቆያል፤ ባለቤቱ ሌላ ሰው ከሆነ አይመለስልኝም፣ ገንዘቤም ይመለስ አይመለስ ማንም አያውቅም። ነገ በእግሬ ነኝ።

ልንወጣ ስንል መርማሪው አንድ ባዶ ቦታ ቅጹ ላይ ቀርቶ አየ።

«ከደመላሽ ጋር ዝምድና አላችሁ?»

«ወንድሜ ነው» አሉ አባዬ።

ልጁ ደንግጦ ቀና አለ። በእናት ነው ወይስ በአባት ብሎ ጠየቃቸው። በጽዋ አሉት። እስክሪብቶውን ይዞ ትንሽ አሰበ፣ ከዚያ «ዝምድና የለውም» ብሎ ጻፈ። የሰጡትን ቃል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ይኼንንም ጨምሮ፣ ጮክ ብሎ አነበበላቸው፤ የሚታረም ካለ ይናገሩ አላቸው።

አባዬ የለም አሉና ፈረሙ።