ከአንድ ዕቃ ቤት የወጣ

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 18

ጥፋተኛው ሙሉጌታ ነው። የእህቴ ልጅ ነው፣ እኔ ነኝ ያሳደግኩት ብዬ ቃሉን አላለዝበውም።

ዛሬ ከገበያ ስመለስ ዘውዴ በሯ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። በአንዷ ክፍሏ ሁለት ወገን እንግዳ መጥቶባታል። አንደኞቹ ባልና ሚስት ከነልጃቸው፣ ሌሎቹ ሁለት አሮጊቶች። ሁሉም "ለእኛ ተይዟል ተብለናል" ይላሉ። አሮጊቶቹን ወስጄ እኔ ቤት አስገባኋቸው። አልጋዬን ለቅቄላቸው መደብ ላይ ልተኛ ነው፤ ወገቤ ነገ ይነግረኛል።

ዘውዴ የማኅበራችን ሰብሳቢ ናት፤ ምላሷ አያርፍም። "የተማረ ልጅሽ አንዷን ክፍሌን ሁለት አደረጋት፤ ግድግዳውን በየት በኩል ላቁምለት?" አለችኝ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

እኛ ለልደት የሚመጣውን ምእመን በየቤታችን የምናሳድር ሴቶች ነን። በፊት እንግዳ የሚያመጡልን ደላሎች ነበሩ። ደስ ያላቸውን ቤት ይሞላሉ፣ ያኮረፉትን ባዶ ያስቀራሉ። እኔን አኩርፈውኝ በልደት ሰሞን እንኳ ባዶ ቤት ውስጥ ብቻዬን አድሬያለሁ። ሙሉጌታና የሥራ ባልደረባው ሒክማ ታችኛው ክፍሌ ውስጥ ተቀምጠው በስልክ የሚሠራ ፕሮግራም ሠሩልንና ከደላላ ወጣን። ከመካከላችን አንዷ እንግዳ ሲደውልላት ክፍት አልጋ ያለበትን ቤት ስልኳ ላይ አይታ እንግዳውን ትመድባለች። ኢንተርኔት ሲጠፋ ስልኮቹ በአጭር መልእክት ይነጋገራሉ።

ሙሉጌታን ጠርቼ የሆነውን ነገርኩት። ስልኩን አውጥቶ ነካ ነካ አደረገና "እኔ ጋ ይሠራል፣ አክስቴ" አለ።

እሱ ጋ። ምእመኑ እሱ ስልክ ውስጥ የሚያድር ይመስል።

ሐሙስ ማኅበሩ ይሰበሰባል። ካልተስተካከለ ወደ ደላሎቹ እንመለሳለን ብላለች ዘውዴ። ዓርብ ከኮን ከተማ በጭነት መኪና ተሞልተው የሚመጡ አሉ። እኔ ወደ ደላላ አልመለስም። ይኸው ጽፌዋለሁ።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 19

ገብርኤልን ስሜ ስመለስ ሒክማ የሴቶቹን ስልክ ሰብስባ ግቢዬ ውስጥ ተቀምጣለች። ሒክማ የጋሸና ልጅ ናት፤ አባቷ እዚያ መንገድ ዳር ሱቅ አላቸው። ስትሠራ አትናገርም፤ ስትናገር ደግሞ አታባብልም።

"እማማ፣ ስልኮቹ ላይ ያለው ፕሮግራም አንድ አይደለም" አለችኝ።

እንዴት አንድ አይሆንም አልኳት። ፋይሎቹን አሳየችኝ።

በእኔ ስልክ፦ "የመጨረሻ"።
በዘውዴ፦ "የመጨረሻ አዲስ"።
በሌሎቹ፦ "ይኼኛው ነው"፣ "የእውነት የመጨረሻ"፣ ስም የሌለውም አለ።

የሆነው ይህ ነው። ኢንተርኔት በጠፋ ጊዜ ሴቶቹ ፕሮግራሙን ከስልክ ወደ ስልክ ተሰጣጡት። ጎረቤት እሳት ልትጭር ስትመጣ ማን ይከለክላል? እንደዚያ ነው የሄደው። የሰጠችው የራሷ አሮጌ ይሁን አዲስ አላየችም። ሙሉጌታ ደግሞ በላፕቶፑ እየሠራ ለአንዷ ይልካል፤ ሒክማ በእሷ ላፕቶፕ ሠርታ ለሌላዋ። የዘውዴ ስልክ ላይ ያለው ፕሮግራም አሮጌ ኖሮ "ክፍሌ ተይዟል" ብሎ የላከውን መልእክት አዲሱ ያለባቸው ስልኮች አላወቁትም። ባዶ ነው ብለው ሁለተኛ ሰው ሰደዱባት።

ሒክማ ሙሉጌታን ጠየቀችው፣ "ይሄን የዘውዴን ከየትኛው ኮድ ነው የሠራኸው?"

"ወልድያ ስሄድ መኪና ላይ መሰለኝ።"

"መሰለኝ?"

ላፕቶፑን ገልጦ ፈለገ። ያኔ የጻፈውን በኋላ ለዋውጦታል፤ አሁን መልሶ ቢፈልገው የለም። ሰው የራሱን እጅ ሥራ እንዴት አያውቀውም? ተናድጄ ሽሮዬን አሳረርኩ።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 20

ጠዋት ተጣሉ። እኔም ሰማሁ፤ ግድግዳው ስስ ነው።

ሒክማ የምትለው፦ ተሠርቶ ያለቀው ሁሉ አንድ ቦታ ይቀመጥ። ቁጥር ይኑረው። ማን እንደሠራው፣ ከየትኛው ኮድ እንደተሠራ ይጻፍበት። ከዚያ ውጭ ከማንም ላፕቶፕ ወደ ማንም ስልክ አይሂድ። ደግሞም ፕሮግራሙ ሲሠራ ሌሎች ሰዎች የሠሯቸውን ቁርጥራጮች ከኢንተርኔት ይስባል አሉ፤ የእነሱም ቅጂ እዚያው ይቀመጥ፣ ኢንተርኔት ሲጠፋ ሥራ እንዳይቆም።

ሙሉጌታ የሚለው፦ "ለሁለት ሰው ሥራ ይሄ ሁሉ? በዓሉ ደርሷል። አሁን ጎድሎ የተገኘውን ልጠግን ወይስ ለፋይል ቤት ልሥራ?" እሱም ውሸቱን አይደለም። ቀኑ አጭር ነው።

ገባሁና "እንደ ቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ነው የምትይው?" አልኳት።

ባሌ ነፍሱን ይማረውና የደብሩ ዕቃ ቤት ጠባቂ ነበር። ካባው፣ ጥላው፣ ጽናው ከዚያ ይወጣል፣ እዚያ ይገባል። የትኛውም ካህን ከቤቱ ካባ ለብሶ አይመጣም። የተቀደደ እንደሆነ ተመልሶ ገብቶ ይሰፋል እንጂ በየቤቱ አይጣፍም። የእያንዳንዱን ጨርቅ ስም ያውቅ ነበር፣ ባሌ። ለእኔ ሀ ሁ የሚያስቆጥርበት ጊዜ ግን አልነበረውም። ፊደል የቆጠርኩት እሱን ከቀበርኩ በኋላ፣ በሸበተ ጸጉር፣ የልጅ ልጅ ከሚሆኑኝ ጋር አንድ ወንበር ላይ ነው።

"እንደዚያው ነው፣ እማማ" አለች ሒክማ።

ደስ አለኝና "ታዲያ አሮጌዎቹን ሁሉ አቃጥሏቸው" አልኩ።

ሁለቱም ሳቁብኝ። ለመሳቅ ሲሆን ይስማማሉ። "አይቃጠሉም" አለች፣ "አዲሱ ቢከዳን የምንመለሰው ወደ እነሱ ነው።"

ይህን አላሰብኩትም ነበር።

ሙሉጌታም እያጉረመረመ፣ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር አምጥተው እኔ ክፍል አስገቡት፤ የሶላሩ ባትሪ ያለው እዚያ ነውና። ሣጥኔን ወደ ጥግ ገፋሁለት።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 21

ዕቃ ቤቱ ቆመ። ሦስት መደርደሪያ አለው፣ ማለት በኮምፒውተሩ ውስጥ። አንዱ በሥራ ላይ ላለው፣ አንዱ ለሚሞከረው፣ አንዱ ለሴቶቹ ለሚሰጠው። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያልፍ እንደገና አይሠራም፤ ያው የተሞከረው ራሱ ነው የሚያልፈው። ሒክማ ይህን ደጋግማ ነገረችኝ። "እንደገና ከሠራነው እርስዎ የሞከሩት ሌላ፣ ሴቶቹ የሚያገኙት ሌላ ይሆናል።"

የምሞክረው እኔ ነኝ። ማንም አልሾመኝም፤ ቤቱ የእኔ ስለሆነ እምቢ የሚለኝ የለም።

ቁጥሩ ስልኩ ላይ ከታች ይታያል። ዛሬ ቁጥር ሠላሳ አንድን ሞከርኩ። የዘውዴን ክፍል በሁለት ስልክ እኩል ያዝኩት። ሁለቱም "ተይዟል፣ ለእርስዎ" አሉ።

"አላሳልፈውም" አልኩ።

ሙሉጌታ፦ "አክስቴ፣ ሁለት ሰው በአንድ ቅጽበት መቼ ይጫናል?"

"ልደት መቼ ነው?"

ወደ ላፕቶፑ ተመለሰ። ምሳ ጠርቼው አልመጣም። ሽምብራ ቆሎ አስቀመጥኩለት፤ ኩርፊያ ጾም አያስፈታም።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 22

ከማለዳ ጀምሮ ኢንተርኔት የለም። ስልክና አጭር መልእክት ብቻ ይሠራሉ። ባለፈው እንዲህ ሲሆን እጃቸውን አጣጥፈው ፀሐይ ሲሞቁ ነበር የዋሉት። ዛሬ ሒክማ ሠላሳ ሁለትን ሠራችው። የሚያስፈልገው ቁርጥራጭ ሁሉ እኔ ክፍል ተቀምጧላ። "አልሐምዱሊላህ" አለችና ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሷን አየሁት።

ሞከርኩት። በሁለት ስልክ፣ በሦስት ስልክ። አንዱ ያዘ፣ ሌሎቹ "ቀድመውዎታል" አሉ። አለፈ። ሴቶቹ ግቢዬ እየመጡ ከዕቃ ቤቱ ጫኑ። ቁጥሩን ጮክ ብለው እንዲያነቡልኝ አደረግኩ። ማንበብ የማይችሉት ቅርጹን አሳዩኝ።

ከዚያ በኋላ ነው የተናደድኩት። ውኃ ልቀዳ ስወጣ ሙሉጌታ አጥር ጥግ ሁለት ሴቶች አቁሞ ከራሱ ስልክ ፕሮግራም ይልክላቸዋል።

"ከዕቃ ቤት ነው የወጣው?"

"አክስቴ፣ የቤቱ ባለቤት ስልክ ቁጥር ሲታይ የመጨረሻው አኃዝ ይቆረጣል። የኮን ሰዎች ደውለው ቤት ማግኘት አይችሉም። አንድ መስመር ነው ያስተካከልኩት።"

"አንድ መስመር ከሆነ በበሩ ለምን አልገባም?"

"ጊዜ የለም ብዬ ነዋ።"

"አጥፉት" አልኳቸው ሴቶቹን። አጠፉት። ሙሉጌታ ፊቱ ቀላ። በሰው ፊት አዋረድሽኝ ማለቱ ነው። ይበለው።

አኃዙ መቆረጡ እውነት ነበር። ያገኘውም እሱ ነው፤ እኔ ስሞክር አላየሁትም። ይህም አናደደኝ። ቁጭ ብሎ በወጉ አስገባውና ሠላሳ ሦስት ተባለ። ከጭቅጭቃችን ያነሰ ጊዜ ነው የፈጀው። በእኔ ስልክ ሞከርኩት፤ ደህና ነው። "አንተ ተጫንልኝ" ብዬ ስልኬን ለሙሉጌታ ሰጥቼ አሳለፍኩት።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 23

ስብሰባው ዘውዴ ግቢ ነበር። ሴቶቹ ሠላሳ ሦስትን ጭነው መጡ። ዘውዴ ስልኳን ከፈተች። ጨለመ። ደግማ ከፈተች። ጨለመ። ስልኳ ከሁሉም ያረጀ ነው።

"እንግዲህ" አለች፣ "ባለፈው አንዷን ክፍሌን ሁለት አደረጋት። አሁን ጨርሶ አፈረሳት።"

ሳቁ። አንዷ "ደላላ እኮ ቢያንስ አይጨልምም" አለች። ያቺን ሴት አልረሳትም።

እኔ ነኝ ያሳለፍኩት። በእኔ ስልክ ብቻ ሞክሬ። ግን አልተቀመጥኩም። "ሒክማ፣ ወደ ሠላሳ ሁለት መልሺው" አልኩ።

የዘውዴን ስልክ ይዛ እኔ ቤት ሮጠች፤ ሴቶቹ ሌላ ወሬ ሳይጀምሩ ተመለሰች። ዘውዴ ከፈተችው። በራ። ክፍሏ አለ፣ አልጋዎቿ አሉ። ኢንተርኔት በሌለበት። አሮጌው ቢቃጠል ኖሮ ዛሬ አልቆልኝ ነበር።

ዘውዴ አልጋዎቿን አንድ በአንድ ቆጠረች። ከዚያ "ነገ የኮን ሰዎች ይፍረዱት" አለች። "እነሱ ሜዳ ላይ ካደሩ በበዓሉ ደላላ ነው። ደግሞ" አለች ወደ እኔ እየጠቆመች፣ "ያለ ጥሩወርቅ ፈቃድ አንድም አዲስ ነገር ስልኬ ላይ አይገባም። ክፉ ናት፤ ክፉ ሰው በር ላይ ጥሩ ነው።"

ምርቃት ይሁን ስድብ አልገባኝም። ተቀበልኩት።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 24

ጠዋት ሙሉጌታ ሠላሳ አራትን አመጣ። የዘውዴን ስልክ ያጨለመውን አግኝቶታል። አኃዙም አይቆረጥም። በሩ ላይ ቆሞ "ዕቃ ቤት አስገብቼዋለሁ፣ ለሙከራ" አለኝ። ሳልጠይቀው።

ዘውዴን አስጠራኋት። ስልኳን ተቀብዬ በእሷም፣ በእኔም፣ ስሟን በማልጽፈው በዚያች በትናንቷ ተናጋሪ ስልክም ሞከርኩት። በዚህ መሀል የኮን ሰዎችን የሚመሩት አባ ደወሉ። "ጋሸናን አልፈናል፣ እሜቴ። የምናርፍበት ታውቋል?"

"ይታወቃል፣ አባቴ" አልኳቸው። ገና አልታወቀም።

ሙሉጌታ ይቁነጠነጣል። "አክስቴ፣ መንገድ ላይ ናቸው። ይለፍ?"

"ሞክሬ አልጨረስኩም።"

አንድ በአንድ ነካሁት። ያዝኩ፣ ለቀቅኩ፣ ደወልኩ። ዘውዴ ከጎኔ ተቀምጣ ጣቴን ትከታተላለች። አለቀ። የቀረው በእኔ ስም በተከፈተው ገጽ ላይ "ፍቀድ" የሚለውን መጫን ነበር።

ሙሉጌታ እጁን ዘረጋ። እኔም እንደ ልማዴ ስልኩን ሰጠሁት። ፊደል ከቆጠርኩ ወዲህም እንዲህ ነኝ፤ ከባድ የሚመስለኝ ነገር ሲመጣ አንተ ተጫንልኝ እላለሁ፣ ከተሳሳተ የእሱ ጥፋት ይሆናል። ጣቱ ስልኩ ላይ ሊደርስ ሲል መልሼ ወሰድኩት። ገጹን ከላይ እስከ ታች አነበብኩ፤ ቀስ ብዬ፣ ሁሉም እየጠበቁኝ። ከዚያ ተጫንኩት።

የኮን ሰዎች ከቀትር በኋላ ደረሱ። ሁሉም ቤት አገኙ። ዘውዴ ጋ አባና አብረዋቸው ያሉት ዲያቆናት ገቡ፣ እነሱ ብቻ። ነገ ሌሎች ይመጣሉ፣ ኢንተርኔት አሁንም የለም፣ ምን እንደሚበላሽ አላውቅም።

ከእንግዲህ ግን "አንተ ተጫንልኝ" ብዬ ስልኬን ለማንም አልሰጥም።