ባለቤቴ ሞቷልና ከሥራ ያሰናብቱልኝ

ይድረስ ለተከበሩ የኢንተርኔት መደብሩ መሥራችና ዋና ሥራ አስኪያጅ፤

ለእርስዎ፣ ለልጆችዎና ዓመት በመጣ ቁጥር ፎቅ ለሚጨምረው መሥሪያ ቤትዎ ሙሉ ጤና እየተመኘሁ፣ እኛም በዚህ በኩል፣ አማትና ምራት፣ ከአንድ ሟች ሠራተኛዎ ጋር እንዳለን አለን። ሳሎኔ ወለል ላይ እግርዎን አጣጥፈው አንሶላ በሚያሽጉበት ዘመን «አንተ» እልዎት እንደነበር አልዘነጋሁም፤ ነገር ግን ሰው ሲያድግ አጠራሩም አብሮት ያድጋልና ይህን ደብዳቤ ከመቀመጫዬ ተነሥቼ፣ እጅ ነሥቼ እንደጻፍኩት ይቁጠሩልኝ።

ጉዳዩን አደባባይ ያወጣሁት ደፍሬ አይደለም። ለብቻዎ ደጋግሜ ጽፌልዎት ነበር፤ ደብዳቤዎን አንብቦ የሚመልስልዎ ድርጅትም በየጊዜው «ውድ ደንበኛችን» ብሎ ጀምሮ በቅናሽ ስለገባ መጋረጃ አስረድቶኛል። ስለ ትጋቱ አመሰግናለሁ። ደንበኞችዎ ይህን ካነበቡት ግን ምናልባት አንዱ ቢሮዎ ድረስ ዘልቆ ይነግርዎ ይሆናል።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ከሥሩ ልጀምር። መደብሩ አንድ ስልክና የእኔ የልብስ መተኮሻ ጠረጴዛ በነበረበት ጊዜ፣ ባለቤቴ በየጥቅሉ ውስጥ በእጁ የጻፋት ካርድ ይከት ነበር። «ዕቃው በሰላም እጅዎ ይግባ፤ ካልተመቸዎ ይመልሱልን፣ አንቀየምም» ትላለች። የመጨረሻዋን ፊደል እግር እስከ ካርዱ ጠርዝ የመጎተት ልማድ ነበረው። ሰዉ ዕቃውን እየረሳ ካርዷን መስታወቱ ላይ ይሰካ ጀመር። ገበያው ሲደራልዎ ሥራውን በውል አከፋፈሉት፤ ማሸጉን ለአንዱ፣ ማድረሱን ለሌላው፣ ስልክ ማንሳቱን የእኛን ሰፈር በሕልሙም ላላየ ድርጅት፣ ምስጋናውን ደግሞ ለማተሚያ ቤት። ማተሚያ ቤቱ ባለቤቴን ፊደሉን ሁሉ አስጽፎ ለማሽን አስጠናው፤ ማሽኑም የታዘዘውን ቃል ሁሉ በእሱ እጅ መጻፍ ቻለ። ባለቤቴ ጣቱ ስላረፈ ተደስቶ ነበር፤ እኔም እንደዚያው። አምና ልቡ ድንገት ቀጥ ብላ ሞተ። ማሽኑ ግን ሥራውን ቀጠለ።

አቤቱታዬ እንደሚከተለው ነው።

፩ኛ/ ለቀብሩ ስለላኩት የአበባ ጉንጉን እጅግ አመሰግናለሁ። ራስዎ ስላልተመቸዎ አመላላሹ አምጥቶት እኔን አስፈርሞ ሄደ። አበባው ላይ «በደረሰብዎ መሪር ሐዘን ከልብ አዝነናል» የሚል ካርድ ነበረበት፤ የተጻፈው በባለቤቴ እጅ ነው፤ የመጨረሻዋም ፊደል እግሯ እስከ ጠርዙ ተጎትቷል። በራሱ ሞት አዝኖ ሚስቱን የሚያጽናና ሰው ከእኔ ባል በቀር አላውቅም። አማቴ ካርዱን ከእጄ ወስደው ደረታቸው ውስጥ ከተቱት፤ ልቅሷቸውንም አቆሙ። እኛ ጸኑ ብለን ፈጣሪን አመሰገንን።

፪ኛ/ ከዚያ ወዲህ እማማ (አማቴን የምጠራቸው እንዲህ ነው) በስተርጅና ስልክ መነካካት ተምረው የመደብርዎ ቀንደኛ ደንበኛ ሆነዋል። ባልዲ፣ ጭልፋ፣ ልጅ በሌለበት ቤት የሕፃን ጫማ ያዝዛሉ። ጥቅሉ ሲመጣ ካርዱን ያወጣሉ፣ ዕቃውን እንደታሸገ ይተዉታል። ሳሎኔን ወደ ቀድሞ መጋዘንነቱ ስለመለሱልኝ ባለውለታዬ ነዎት። አንድ ቀን ጨክኜ፣ የሚጽፈው ማሽን እንጂ ልጅዎ አይደለም ብላቸው፣ «እጁን ይዤ ፊደል ያስቆጠርኩት እኔ ነኝ፤ የልጄን እጅ አንቺ ነሽ የምታሳውቂኝ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር።

፫ኛ/ ማሽኑን የሚያስቆምልኝ ፍለጋ ስልክዎን መታሁ። ያነሳችው ልጅ ከማር የጣፈጠ አንደበት አላት፤ ሠራተኛችሁ ሞቷል ስላት፣ በዚያ ስም የተመዘገበ ሠራተኛ ስለሌለ ሊሞትም እንደማይችል በትሕትና ገለጸችልኝ። አሻጊዎቹ ካርዱ ተጽፎ ነው የሚመጣልን አሉ። ማተሚያ ቤቱ የታዘዝነውን እንጽፋለን አለ። አመላላሹ እኔ በር ነው የማንኳኳው አለኝ። አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ይህ ነው። ሁሉም ትሑት፣ ሁሉም ንጹሕ፤ እኔ ግን ውሃ ስወቅጥ ከረምኩ።

፬ኛ/ በመጨረሻ መደብርዎን ከእማማ ስልክ ላይ አጠፋሁት። ቤቱ ጸጥ አለ። እኔም፣ አይፍረዱብኝ፣ በር በተንኳኳ ቁጥር መደንገጤ ቀረልኝ። ለካስ የጠፉ ደንበኞችን የሚያስታውስ ሌላ ድርጅት ቀጥረው ኖሯል። ዕቃ የሌለው ባዶ ፖስታ መጣ፤ ውስጡ የእማማ ስም፣ ቀጥሎም በልጃቸው እጅ፣ «ምነው ጠፉብኝ? ናፍቀውኛል። እየጠበቅሁዎ ነው» ይላል። እማማ መጀመሪያ ቅር ብሏቸው፣ «እናቱን እርስዎ ይለኛል? ምን በድዬው ነው?» አሉ። ከዚያ እንደገና አነበቡት። በማግሥቱ ነጭ ቀሚሳቸውን ተኩሰው በትንሽ ሻንጣ ከተቱና በሩ አጠገብ አኖሩት። የልብ መድኃኒታቸውንም መዋጥ ትተዋል። ሐኪሙ ቢቆጣቸው፣ እኔም እግራቸው ላይ ብወድቅ፣ የሚጠብቅ ሰው እያለ መዘግየት ነውር ነው ይላሉ። ይህን ያለ ፌዝ ነው የምጽፍልዎት፤ ፈርቻለሁ። ትንፋሻቸው በየቀኑ እያጠረ ነው።

ስለዚህ የተከበሩ ሆይ፣ ባለቤቴን ከሥራ እንዲያሰናብቱልኝ በታላቅ አክብሮት እለምናለሁ። ስንብቱንም ለሌላ ድርጅት በውል እንዳይሰጡብኝ። ራስዎ መጥተው፣ የለመዱት ወለል ላይ ቁጭ ብለው፣ ያን ቃል ያስጻፍኩት እኔ ነኝ፣ እሱ አልጠራዎትም ይበሏቸው። እኔን አላመኑኝም። እርስዎን ግን ከልጃቸው ሳይለዩ አብልተው አስተኝተዎታልና ያምኑዎታል። ተወካይ ከመጣ ሻንጣውን ሊሸከምላቸው የተላከ ነው የሚመስላቸው።

ለድርጅትዎ ዕድገት ሳሎኗን፣ የልብስ መተኮሻ ጠረጴዛዋንና የባሏን ቀኝ እጅ ያዋጣች፣ ትርፉን ሳትጠይቅ ዕዳውን የምትሸከም፣ በቀረው ዕድሜዋ ሁሉ ቅናሽዎ የማይለያት፣

የሟች ሠራተኛዎ ሚስት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ለእርስዎ የተላከው ቅጂ እንደ ቀድሞዎቹ ሌላ ሰው እጅ እንዳይቀር በመስጋት፣ የፖስታውን አድራሻ ያስጻፍኩት ማተሚያ ቤትዎ ሄጄ ነው። የማን እጅ እንደሆነ፣ እኔም ማን እንደሆንኩ የጠየቀኝ የለም፤ እንደማንኛውም ደንበኛ አስተናገዱኝ። «ለወንድሜ፤ አንተው ብቻ ክፈተው» የሚለውን ሲያነቡ እሱ ራሱ የጻፈልዎ መስሎዎት ከሆነ አይደንግጡ። እማማም ሲከፍቱ እንዲሁ ነው የሚመስላቸው።