ያልፈረምኩት ነገር

አስናቀች፣

ቁልፉን ለአከራያችን ሰጥቻለሁ። ዳጣው ጠርሙሱ ውስጥ አለ፤ ሳይበላሽ ጨርሺው። ዛሬ ውሃ ስለሚመጣ በርሜሉን ሙዪ። እኔ በዚህ እግሬ ጀሪካን እንደማልሸከም ታውቂያለሽ።

ወንድምሽ ኤርካሎ ወደ ገሱባ በሚወስደው መንገድ ላይ ከሞተሩ የጣለኝ ሰሞን፣ ጄሶው ሳይፈታልኝ፣ ሽማግሌ ይዘሽ አልጋዬ ድረስ መጣሽ። ብርቱካንም ይዘሽ ነበር፤ አልረሳሁትም። «ለእርቅ ያህል ነው፣ ፈርሚ» አልሽኝ። አብረን ስለምንኖር አመንኩሽና ሳላነብ ፈረምኩ።

ትናንት ወረቀቱን ጠበቃ አነበበልኝ። ለታወቀውም ሆነ ወደፊት ለሚታወቀው ጉዳት ካሳ አልጠይቅም ይላል። እግሬ አጥሮ መቅረቱም እዚያው ውስጥ ገብቷል። በዚህ በኩል አሸንፋችሁኛል።

የወንጀሉ ክስ ግን የመንግሥት ነው፤ በእኛ እርቅ አይዘጋም አለኝ። ኤርካሎ በአንድ እጁ ሞባይል ይዞ እያወራ ሲነዳ ከኋላው የተቀመጥኩት እኔ ብቻ ነኝ። ያኔ ፖሊስ ሲጠይቀኝ ስለ አንቺ ብዬ «አላየሁም» አልኩ።

አሁን ወደ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ እየሄድኩ ነው።

ካሳ አልጠይቅም ብዬ ፈርሜያለሁ። አልመሰክርም ብዬ ግን አልፈረምኩም።

ሐመልማል